ስለ ፍተሻ የተከራከርን ጊዜ

ባለፈው ጥር የልጄ ሚስት አዲስ አበባ ወለደችና አራስ ልጠይቅ ተነሣሁ። ልጄ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ በመኪና አትንገላቺ፤ ከጅማ በአውሮፕላን ነይ» ብሎ ትኬቱን በስልኬ ላከልኝ። የጎረቤቴ ልጅ አንብባ ሰዓቱን በወረቀት ጻፈችልኝና ጉሙ ገና ከቦንጋ ጣሪያዎች ላይ ሳይነሣ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ድሮ በጭነት መኪና፣ ቡና ጆንያ ላይ ተቀምጠን፣ ዝናብ ከመታው ደግሞ ወርደን እየገፋን፣ ቀኑን ሙሉ የምንፈጀው መንገድ ዛሬ የአንድ ሸለብታ መንገድ ሆኗል። ዓይኔን ስገልጥ ጅማ ነኝ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሰልፍ ነበር። ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ስልክና ቁልፍ በፕላስቲክ ሣጥን ይቀመጣል። ጫማዬን ሳወልቅ የካልሲዬ አውራ ጣት ላይ ቀዳዳ እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩ ሴትዮ፣ ስንቱን ተማሪ «ጥፍርህን አሳየኝ» እያልኩ በር ላይ ያቆምኩ፣ ተራዬ ደርሶ ጣቴን አጥፌ ቆምኩ። ቦርሳዬ በማሽኑ ጉሮሮ ገብቶ ሲወጣ ፈታሿ ልጅ ፈገግ ብላ ያዘችው። «እማማ፣ ይቺን ልክፈታት?» «ክፈቻት የኔ ልጅ።» ዚፑን ስትስበው የኮረሪማው ሽታ እስከ ሰልፉ መጨረሻ ሄደ። «ውይ ሲያምር! ከየት ነው የመጡት?» «ከቦንጋ።» «ማን ጋ ይሄዳሉ?» «ልጄ ጋ ነው። ሚስቱ ወልዳ።» «እንኳን ማርያም ማረቻት! ሴት ነው ወንድ?» «ሴት።» «ተመስገን። ይሄ ከኮረሪማው ሥር ያለው ማር ግን በእጅ አይያዝም፤ ከሚጫነው ሻንጣዎ ጋር እናድርገው።» እንዲህ እየተጫወትን ማሩን ስናዛውር ከኋላዬ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ተነሣ።

«የኔ ልጅ፣ ጫማዬን አወለቅሁ። ቀበቶዬን ፈታሁ። ቁልፌን ሰጠሁ። አሁን ሱሪዬን በሁለት እጄ ይዤ የቆምኩ ሰውዬ አውሮፕላኑን በየትኛው እጄ ልጥለፈው?»

«አባባ፣ እዚህ እንዲህ ያለ ቀልድ አይቀለድም» አለችው ልጅቷ፣ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን እየዋጠች።

ድምፁን አወቅሁት። ፀጉሩ ነጥቷል፣ ትከሻው ዝቅ ብሏል፤ ድምፁ ግን ያው ነው፤ የተማሪ ቤቱን አዳራሽ ከዳር እስከ ዳር ይሞላ የነበረው የከድር ድምፅ። ዞሬ «ከድር አይደለህም?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝና ሱሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ጠቆመኝ። «አስካለ! ሰዎች፣ ስሙልኝ! ይፈተሽ ብላ ያስፈረደችብን እሷ ናት! ይኸው፣ አዩሽ!»

ሰልፉ ሁሉ ወደኔ ዞረ። እኔ ሳቄ አላስቆም ብሎኝ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። አፍንጫዬ ላይ ኮረሪማ፣ ጆሮዬ ላይ የከድር ድምፅ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡብኝ ጊዜ እኔ ጅማ መሆኔ ቀረ፤ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ ሰማያዊ ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ፣ የቦንጋን ዳገት የምወጣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ሆንኩ።

ያን ጊዜ ቦንጋ ጫካው እስከ ቤቶቹ ጓሮ የሚደርስባት ከተማ ነበረች። ሻይ በአምስት ሳንቲም፣ ከዳቦ ጋር በአሥር ነው። ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ የከድር አባት ሱቅ ነበር። አቡጀዲው፣ ካኪው፣ ቴትሮኑ በመደርደሪያ፤ ላምባው በበርሜል፤ ስኳሩ በተጠቀለለ ወረቀት። በረንዳው ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ለወንዶቹ ከጉልበት በታች እንደ ደወል የሚሰፋ ሱሪ ይሰፋ ነበር፤ ጨርቅ ቢያንሰው እንኳ ከታች አያስቀርም፣ ከላይ አጥብቦ ይሰፋዋል። ከድር ያንን ሱሪ ለብሶ፣ አፍሮውን አበጥሮ፣ ማበጠሪያውን ከኋላ ሰክቶ በረንዳው ላይ ሲቆም ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለው ሸክላ ማጫወቻ ለእሱ ብቻ የሚዘፍን ይመስለው ነበር። አባቱ ለንግድ ከሌላ አገር የመጡ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ቦንጋ ተወልዶ አማርኛውንም ካፊኖኖውንም እንደ ውኃ ይጠጣዋል። እኔ ደግሞ የእርሻ ሠራተኛ ልጅ፣ በአፌ የዘገየሁ፣ ጽሑፍ ላይ ግን ማንንም የማላስቀድም።

ከከተማው ወጣ ብሎ አውሮፕላን የሚያርፍበት የሣር ሜዳ ነበረን። በበጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በክረምት አንድ ጊዜ፣ ሁለት ሞተር ያለው አውሮፕላን ይመጣል፤ ጉም ከተኛበት ደግሞ ከላይ ዞሮ ዞሮ፣ ድምፁን ብቻ አሰምቶን ይመለሳል። ሜዳውን የሚጠብቁት፣ ትኬቱን የሚቆርጡት፣ ዕቃውን የሚመዝኑት አንድ ሰው ናቸው፤ ጋሽ ገብሬ። የአባቴ ጓደኛ ናቸው። አውሮፕላኑ ሲሰማ ፊሽካ ይነፋሉ፣ በሜዳው ላይ የሚግጠው ከብት ይባረራል፣ እሳቸው የካኪ ኮታቸውን ቆልፈው በቀይ ጨርቅ የተሠራችውን የነፋስ ማሳያ ቀና ብለው ያያሉ። ሰውም እንደ ዕቃው ይመዘን ነበር፣ በቡና ሚዛን። የከተማው ትልቋ ነጋዴ እትዬ ዘውዲቱ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ቁጥሩን በነጠላቸው ይሸፍኑታል፤ ጋሽ ገብሬም አንገታቸውን አዙረው «ይበቃል እትዬ፣ ገባኝ» ይሏቸው ነበር። ምን እንደገባቸው እግዜር ይወቅ።

ስለ ፍተሻ ከተነሣ፣ የጋሽ ገብሬ ፍተሻ ጨዋታ ነበር። ተሳፋሪውን ሁሉ ሜዳው ዳር የወደቀ ግንድ ላይ ያስቀምጡና ከዳር ጀምረው ያወጉታል። የማን ልጅ ነህ? ማን ጋ ነው የምትሄደው? ምን ይዘሃል? ለማን? ጠመንጃ የያዘ ካለ ራሱ ተነሥቶ ያስረክባል፤ ያኔ ጠመንጃ መያዝ ነውር አልነበረም፣ ደብቆ መያዝ ነው ነውሩ። የተረከቡትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ለአብራሪው ይሰጣሉ፣ ሲወርዱ ለባለቤቱ ይመለሳል። ሻንጣ ግን አይከፍቱም። «እኔ ሰውን የምፈትሸው በዓይኔ ነው» ይሉ ነበር፤ «ክፉ ያሰበ ሰው ዓይኑ መቀመጫ ያጣል።» ከተማውም ያምናቸዋል።

በዚያ ዓመት በሬዲዮ አውሮፕላን ተጠለፈ የሚል ወሬ አሁንም አሁንም ይሰማ ነበር። ከጎጃም ተመድበው የመጡት የአማርኛ መምህራችን መምህር ይልማ ክርክር የሚባል ነገር ይወዳሉ፤ «ብዕር ከሰይፍ» ሰልችቶናል ብለው አዲስ ርእስ አመጡ። «የአውሮፕላን ተሳፋሪ አካሉና ዕቃው ይፈተሽ ወይስ ሌላ መንገድ ይፈለግ?» ከእኛ መካከል አውሮፕላን የተሳፈረ አንድም አልነበረም። ዕጣው ከመምህሩ ባርኔጣ ሲወጣ ለከድር «ሌላ መንገድ» ደረሰው፤ ለእኔ «ይፈተሽ»። ከድር ባርኔጣውን ሊስም ምንም አልቀረው። እኔ ቤቴ ሄጄ አለቀስኩ። ይፈተሽ ማለት ጋሽ ገብሬ አይበቁም ማለት ነው፤ እሳቸውን አይበቁም ብሎ ቦንጋ ላይ ማን ያጨበጭብልኛል? ደግሞም አዳራሹ ውስጥ የአውራጃው ገዢ ይገኛሉ ተብሏል።

ክርክሩ ቅዳሜ ነው፤ ዓርብ አውሮፕላን ይመጣል። አንዲት ምሳሌ እንኳ ባገኝ ብዬ ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጋሽ ገብሬ «ልትሰልዪኝ ነው አሉ» ብለው ሳቁና ከግንዱ ጫፍ ላይ ቦታ ሰጡኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ከጌሻ በኩል፣ ከደካ ወዲያ የመጡ አቶ ወዳጆ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በጋቢ የተጠቀለለ፣ የሕፃን ቁመት ያለው ነገር ጉልበታቸው ላይ ታቅፈዋል። ተራቸው ሲደርስ ጋሽ ገብሬ በካፊኖኖ አዋሯቸው። የመንግሥት ሥራ ይዞ ሩቅ በረሃ የተመደበ ልጅ አላቸው፤ ማር ናፈቀኝ ብሎ ጽፎላቸዋል። «ይሄ ምንድን ነው?» «ማር።» ጋሽ ገብሬ ጥቅሉን አዩት፣ ሽማግሌውን አዩ፣ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። ወደ ቀጣዩ አለፉ።

እኔ ግን አጠገባቸው ነኝ። ጎንበስ ስል ከጋቢው ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ሽማግሌው የሚያንጎራጉሩ መሰለኝ፤ አፋቸውን አየሁ፣ ዝም ብለዋል። ጆሮዬን አስጠጋሁ። እምምምም ይላል። ቀፎ አጠገብ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ አይስትም። ንብ ነው። ሕይወት ያለው፣ ሙሉ የንብ መንጋ ነው አውሮፕላን ሊሳፈር ያለው።

አሁን የምናገረውን ለብዙ ሰው ተናግሬ አላውቅም። ያን ጊዜ መጀመሪያ የመጣልኝ ፍርሃት አይደለም፤ ደስታ ነው። አገኘሁ! ነገ አዳራሹ ውስጥ ተነሥቼ «ትናንት ጋሽ ገብሬ የንብ መንጋ አሳፈሩ» ብል ከድር አፉን ይዞ ይቀመጣል። አሁን ከተናገርኩ ግን ቀፎው ይወርዳል፣ ነገሩም ጨዋታ ሆኖ ይቀራል። ዝም አልኩ። ተሳፋሪው ተነሥቶ ወደ አውሮፕላኑ ሄደ፤ ዝም አልኩ። አቶ ወዳጆ ጥቅላቸውን አቅፈው መሰላሉን ሲወጡ አንዲት እናት ልጇን አዝላ ተከተለቻቸው። የልጁ እግር ከአንቀልባው ወጥቶ ይወዛወዛል። በሩ ተዘጋ። አንደኛው ሞተር ሲነሣ ሣሩ ሁሉ ወደኛ ተኛ፤ ያኔ እንደ ነቃ ሰው ሆንኩ። ያ ሁሉ ሰው በተዘጋ ቤት ውስጥ፣ በሰማይ ላይ፣ ቀፎው ቢከፈትስ? አብራሪውን ቢነድፉትስ?

«ጋሼ! ንብ ነው! ንብ!» እያልኩ ሮጥኩ። ሞተሩ ድምፄን ውጦታል። ኮታቸውን ይዤ ጎተትኳቸውና ጆሮአቸው ውስጥ ጮህኩ። ጋሽ ገብሬ ሁለት እጃቸውን አንሥተው ከአውሮፕላኑ ፊት ሮጡ፤ እንደዚያ ሲሮጡ አይቻቸው አላውቅም። ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተከፈተ፣ ጥቁር መነጽር ያደረገው ረጅም አብራሪ ብቅ አለ። አቶ ወዳጆ ወረዱ። ጋቢው ሲገለጥ ትንሽ የቀርከሃ ቀፎ ናት፤ አፏ በኮባ ተወትፏል፣ ኮባው ግን በግማሽ ወጥቷል።

«አባቴ፣ ማር ነው አላሉም?» አለ አብራሪው።

«ማር አልኩ» አሉ ሽማግሌው ሳይደነግጡ። «ማር ነው። ገና አልሠራም እንጂ።»

የተናገሩት አንድም ውሸት የለም። ልጃቸው ማር ናፈቀኝ ብሎ ጽፏል፤ እሳቸው ደግሞ ማሩ ያልቃል፣ ንቦቹ አያልቁም ብለው አስበዋል። ጋሽ ገብሬ ኮባውን መልሰው ሊወትፉ ጎንበስ ሲሉ አንዲት ንብ ወጥታ በቀኝ ዓይናቸው ቆብ ላይ አረፈች። ሰው ሁሉ «አይንኩ!» ሲል እሳቸው ነኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ንብ የነደፈው ያውቀዋል።

አቶ ወዳጆ ቀፏቸውን አቅፈው ወደ አገራቸው ተመለሱ፣ አውሮፕላኑም ሄደ። ጋሽ ገብሬ በአንድ ዓይናቸው እያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ነገ አትናገሪ አላሉም። አምስት ልጆች አሏቸው፤ ገዢው ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚከተል ሁለታችንም ገብቶናል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ፊት ወንበር ላይ ገዢው፣ ከጎናቸው የክብር እንግዳው ጋሽ ገብሬ፣ ቀኝ ዓይናቸው እንደ ዶናት አብጦ። ምን ነካዎት ያላቸውን ሁሉ «ቅርንጫፍ መታኝ» ሲሉት ውለዋል። ከድር ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ተነሣ። ምን አለፋችሁ፣ ሰውን አስረሳ። እንግዳ ተቀባይ በሆነ አገር ሰውን እንደ ሌባ እጅህን አንሣ ማለት ነውር ነው አለ። ደግሞስ ሴቶቻችንን ወንድ ሊዳብሳቸው ነው? ሲል እትዬ ዘውዲቱ ከመሐል «ማን ወንድ ነው የሚነካኝ!» ብለው ጮኹ፣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። መንገዶቹንም ዘረዘረ። የአብራሪው ክፍል በር ከውስጥ ይቆለፍ። ከተሳፋሪው መካከል እንደ ማንም ሰው የለበሰ ጠባቂ ይቀመጥ። የማይታወቅ ሰው ዋስ ይጥራ። ከሁሉ በላይ ግን ጠያቂ ዓይን ይኑር፤ «እንደ ጋሽ ገብሬ ያለ ዓይን!» ብሎ እጁን ወደ ፊት ወንበር ሲዘረጋ ሰው ሁሉ ያንን ያበጠ ዓይን አየ፤ አጨበጨበም።

ተራዬ ደርሶ ተነሣሁ። ጽሑፌ ጥሩ ነበር፣ ድምፄ ግን ከሦስተኛው ረድፍ አላለፈም። በዓይን የሚታየው ፊት ነው፣ በሻንጣ ውስጥ ያለው አይታይም አልኩ። አንዳንዱ ሰው ክፉ ሳያስብም ክፉ ነገር ሊይዝ ይችላል አልኩ። ገዢው አዛጉ። ከድር ለመልስ ሲነሣ ፈገግታው ከጆሮ እስከ ጆሮ ነው። «እኅቴ አንድ ምሳሌ ትስጠን! በዚህ ሁሉ ዓመት ጋሽ ገብሬ ያሳለፉት አንድ አደገኛ ነገር አለ? አንድ!»

ምላሴ ጫፍ ላይ ነበረች ያቺ ቀፎ። ጋሽ ገብሬን አየኋቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን በጣታቸው ያዞራሉ።

«የለኝም» አልኩና ተቀመጥኩ።

ጭብጨባው ሊነሣ ሲል ጋሽ ገብሬ ቀደሙ። ቆሙ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ወደ ገዢው ጎንበስ ብለው። «ይህች ልጅ ዋሽታለች።»

ከዚያ ሁሉንም ነገር ተናገሩ፤ ቀፎውን፣ ኮባውን፣ አዝላ የተሳፈረችውን እናት፣ የእኔን ሩጫ። ንቢቱ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ ሳቁን አልቻለም፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። «ዓይኔ ሳያይ ቀርቶ አይደለም» አሉ። «ዓይኔስ ጠርጥሮ ነበር። ልክፈተው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። ሽማግሌ ሰው ማር ነው ካለኝ በኋላ መክፈት ውሸታም ነህ ማለት መሰለኝና አፈርኩ። እኔን ያሸነፈኝ ንብ አይደለም፣ ይሉኝታ ነው።»

ገዢው ማዛጋታቸውን ትተዋል። «ታዲያ ምን ይሻላል ትላለህ፣ ገብሬ?»

«ጥያቄውንም ልጠይቅ ጌታዬ፣ ዕቃውንም ልክፈት። መጠየቁ ሰውየውን ለማወቅ ነው። መክፈቱ ደግሞ እኔን ይገላግለኛል። ‹ሕጉ ነው አባቴ፣ የሁሉም ይከፈታል› ካልኩ ሽማግሌው አይቀየሙኝም፣ እኔም አላፍር።»

ገዢው ያበጠውን ዓይን አተኩረው አዩት። አባቴ ከኋላ ተነሥቶ እንደቆመ አየሁ። በመጨረሻ ገዢው «ቅርንጫፍ ነው አላልከኝም?» ብለው ሲስቁ ያ ሁሉ ሰው የያዘውን ትንፋሽ ለቀቀ። ዳኞቹ ሽልማቱን፣ አንድ ብዕርና ደብተር፣ ለከድር ሰጡት፤ ምሳሌ የለኝም ያለ ተከራካሪ ራሱን ረትቷል ብለው። ፍተሻው ግን እኔ እንዳልኩት ሆነ። በወሩ ሜዳው ላይ ጠረጴዛ መጣ፣ ከጠረጴዛው ኋላም በሸራ የተጋረደ ክፍል ተሠራ። የእትዬ ዘውዲቱ ጩኸት ስላልተረሳ የሴቶቹን ዕቃ የምታይ ሴት ተፈለገች፤ ትምህርት ሲዘጋ ጋሽ ገብሬ አባቴን አስፈቅደው እኔን ወሰዱኝ።

እንግዲህ በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ እንደዚያ ያሳቀኝ የለም። ከእናቶች ሻንጣ ያልወጣ ነገር የለም። ቆጮ፣ ቅቤ፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ፤ አንዲት የቢታ ገነት ሴት ደግሞ እርጉዝ መስላ ከቀሚሷ ሥር የአረቄ ጠርሙስ «ወልዳልኛለች»። የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ሴቶቹ ተኮሳትረው ነበር፤ «ሕጉ ነው እናቴ፣ የሁሉም ይከፈታል» ስላቸው ግን ፊታቸው ይፈታል። ኋላማ ራሳቸው ከፍተው ያሳዩኝ ጀመር፣ ጥልፋቸውን እንዳደንቅላቸው። አቶ ወዳጆም በክረምቱ መግቢያ መጥተው ነበር። ጠረጴዛው ላይ እንስራ አስቀምጠው ክዳኑን ራሳቸው አነሡት። «እይ፣ አሁን ሠራ» አሉ ለጋሽ ገብሬ። ነጭ ማር ነው። ግማሹን ለልጃቸው ላኩ፣ ግማሹን ለሁለታችን ተዉልን።

አንድ ቀን አውሮፕላኑ ዘግይቶ ግንዱ ላይ ተቀምጠን ሳለ ውስጤን ሲበላኝ የነበረውን ነገርኳቸው። «ጋሼ፣ ያን ቀን ድምፁን እንደሰማሁ አልነገርኩዎትም። ለክርክሩ ብዬ ዝም አልኩ። ሁሉም እስኪገባ ዝም አልኩ።» የሚቆጡኝ መሰለኝ። ጋሽ ገብሬ ነፋስ ማሳያውን እያዩ «እኔ የማውቀው መሮጥሽን ነው» አሉኝ። ከዚያ ፊሽካቸውን አወጡ፤ አውሮፕላኑ ተሰምቶ ነበር።

ጊዜው እንደ ጊዜ ተለዋወጠ። መንገዱ ተሠራ፣ አውሮፕላኑ መምጣት ተወ፣ ሜዳው ላይ መጀመሪያ ኳስ ተጫወቱበት፣ ኋላ ቤት ተሠራበት። ጋሽ ገብሬ አርጅተው፣ ልጆቻቸውን ድረው አረፉ። ያን ሁሉ ሰው አሳፍረው እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ሳይሳፈሩ። እኔ መምህር ሆኜ ዋጫ ከተማ ተመደብኩ፣ ቆይቼ ቦንጋ ተመለስኩ፣ ተድሬ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ከድር የአባቱን ንግድ ይዞ ጅማ ገባ ሲባል ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በዓይኔ ሳላየው ይኸው ጅማ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ሱሪውን ይዞ።

ቀበቶውን መልሶ አስሮ ቦርሳችንን እየጎተትን በመጠበቂያ ክፍሉ ወንበሮች መካከል ስናልፍ ክርክሩን ካቆምንበት ቀጠለው። «ንገሪኝ እስኪ፣ ይሄ ማሽን የሰው ፊት ያውቃል? እኔ ስልሳ ምናምን ዓመቴ፣ የልጅ ልጅ ያለኝ ሰው ነኝ። ዞር ብሎ ‹አባባ ማን ጋ ይሄዳሉ› አይለኝም?»

«ማሽን ፊት አያውቅም» አልኩት። «ይሉኝታም አያውቅም። የጋሽ ገብሬን ነገር ረሳኸው?»

«ጋሽ ገብሬ ሰው ነበሩ። ሰው ይሳሳታል፣ ሰው ይማራል። ይሄ ቆርቆሮ ግን ቀፎ ቢያይ ቀፎ ብቻ ነው የሚያየው። የአባት ናፍቆት መሆኑን በምን ያውቃል?»

ይህ ጥሩ ነጥብ ነው፤ መምህር ይልማ ቢኖሩ ያጨበጭቡለት ነበር። መልስ ሳስብ ያቺ ፈታሽ ልጅ ረስቼው የመጣሁትን ነጠላ ይዛ ደረሰች። ከድር ወዲያው ያዛት። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ፍረጂን። ሰውን መዳበስ ይሻላል መጠየቅ?»

«አባባ፣ እኔ እኮ እየጠየቅሁ ነው» አለችው። «እማማን ከየት መጡ፣ ማን ጋ ይሄዳሉ ስል የነበረው ለጨዋታ ብቻ መሰለዎት? እርስዎስ ዓይንዎን ለመታየት ጅማ ሐኪም ስላጡ ነው የሚሄዱት፤ ወረቀቱን ለእኔ እያሳዩ ነገሩኝ አይደል? ማሽኑ ዕቃውን ያይልኛል። ሰውን የማየው እኔ ነኝ።»

ከድር ኪሱ ውስጥ ያለውን የሐኪም ወረቀት ዳበሰ። አምስት ደቂቃ ሙሉ ስታወጋኝ የቤቴን ሁሉ እንደነገርኳት የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ጋሽ ገብሬ ቢያዩአት ግንዱ ላይ ከጎናቸው ያስቀምጧት ነበር።

አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበራችን የተለያየ ቢሆንም አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቦታውን ለቀቀልንና ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከድር መስኮቱን ለእኔ ተወልኝ። መጀመሪያ የለቀቀልኝ ለጨዋነት መስሎኝ ነበር፤ ቀበቶ ስናስር ግን ጉልበቱን ጨምድዶ ይዞ፣ ግንባሩ ወዝቶ አየሁት። ስንት ጊዜ ተሳፍሮ እንደማይለምደው ነገረኝ። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ ስለ ልብስ ሰፊው፣ ስለ ሱሪው፤ አንድ አንድ ቃል ብቻ ይመልስልኛል። በሩ ተዘጋ። ከድር ዞር ብሎ የኋላውን ወንበር አየ፣ ከዚያም የፊቱን፣ ከዚያም መተላለፊያው ማዶ ጥቁር ቦርሳ እግሩ ሥር ያኖረውን ጎልማሳ ትክ ብሎ አየው። አስተናጋጇ ቀበቶ እያየች ስታልፍ እጁን አነሣ።

«የኔ ልጅ» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ ሁሉ ሰው ተፈትሿል?»

«አዎ አባባ። አንድም ሰው አልቀረም።»

«በደንብ?»

«በጣም በደንብ።»

«ጎሽ» አለና ተመቻችቶ ወደ ኋላ ደገፍ አለ። ከዚያ እኔን ሳያይ፣ ፊት ለፊቱን እያየ፣ «ምንም እንዳትዪ» አለኝ።

ምንም አላልኩም። አውሮፕላኑ ተነሥቶ የጅማ ጣሪያዎች ከሥራችን ሲያንሱ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ፣ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ አዲስ አበባ እስክንደርስ ሳቅሁ።